ጭሱ ነው የሚሸጠው፦ የእንፋሎት ባቡር ለቱሪስት መስመር ያዋጣል ወይ?

የቀረበው ጥያቄ፦

«ሐምሌ ላይ ከቤተሰቤ ጋር ጀርመን ውስጥ ሃርዝ ተራራ ሄደን፣ ብሮከን የሚባለው ጫፍ ድረስ በእንፋሎት ባቡር ወጣን። ልጆቹ በጣም ወደዱት። እኔ ግን የቲኬቱን ዋጋ ሳይ ደነገጥኩ። አብሮን የነበረ ጓደኛዬ ‹ያው ተራራ፣ ያው ሐዲድ ነው። በናፍጣ ቢጎትቱት በግማሽ ዋጋ ያደርሱን ነበር። ይሄ ለትዝታ ተብሎ የሚቃጠል ገንዘብ ነው› አለኝ። እውነት የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ለቱሪስት ባቡር ወጪውን ይመልሳል? የድሬዳዋውን አሮጌ መስመር ለቱሪስት እናስነሳው ቢባልስ በእንፋሎት መጀመር ያዋጣል?»

ምላሽ፦

ጓደኛዎ ከተናገሩት ግማሹ እውነት ነው። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ እንደ ጎታች ብቻ ከታየ አያዋጣም። ያዋጣ ቢሆን ኖሮ የዓለም የባቡር ድርጅቶች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ተራ በተራ አይጥሉትም ነበር። የቱሪስት ባቡር ተሳፋሪ ግን አንድ ቦታ ለመድረስ ብቻ አይከፍልም። ጭሱን፣ ፉጨቱን፣ የከሰሉን ሽታ ሊገዛ ነው የሚመጣው። ስለዚህ የእኔ መልስ እንዲህ ነው። ጭሱ ራሱ ገዢ ባለው ቦታ ላይ ያዋጣል። ያውም የቦይለሩን፣ ማለትም ውሃው የሚፈላበትን ትልቅ ጋን፣ የጥገና ገንዘብ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለብቻው ለሚያስቀምጥ ድርጅት። ቦይለርና አሮጌ ሎኮሞቲቭ ጥገና ላይ የምንሠራ ሰዎች ችግር ሲመጣ የምናየው ብዙውን ጊዜ ይህችን ሁለተኛዋን ነገር በረሱ ሰዎች ላይ ነው።

እንደ ጎታች ለምን እንደማያዋጣ ቶሎ ብዬ ልለፍ። ከሚቃጠለው ከሰል ጉልበት ውስጥ ጎማው ጋ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ከ10 በመቶ በታች ነው። ሌላው በጭስ ማውጫው ይሄዳል። የናፍጣ ሞተር ከነዳጁ ጉልበት ከ30 በመቶ በላይ ይጠቀማል። ከዚያ ሰው አለ። ናፍጣውን አንድ ሹፌር ጠዋት መጥቶ ያስነሳዋል። የእንፋሎቱ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ይነዳል፣ አንዱ እሳቱንና ውሃውን ይጠብቃል። የቀዘቀዘ ቦይለር ደግሞ ቀስ ተብሎ ነው የሚሞቀው። ብረቱ እኩል ካልተለጠጠ ይጎዳል። ባቡሩ ከጠዋቱ 4 ሰዓት የሚነሳ ከሆነ አንድ ሰው ገና ሌሊት ተነስቶ እሳት ማንደድ አለበት። ማታ ደግሞ አመድ ማውጣት፣ ጥላሸት መጥረግ፣ ዘይት ማጠጣት አለ። ይሄ ሁሉ ደሞዝ ነው።

መለዋወጫም ከሱቅ አይገዛም። ብሮከን ላይ የሚሠሩት ትልልቆቹ ሎኮሞቲቮች ከ1954 እስከ 1956 ባቤልስበርግ ውስጥ የተሠሩ ናቸው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። አንዱ 8 ሺህ ሊትር ያህል ውሃና 4 ቶን ያህል ከሰል ተሸክሞ ተራራ ይወጣል። የሠራቸው ፋብሪካ ዛሬ መለዋወጫ አይልክም። ቫልቩ፣ ቡሹ፣ የፒስተኑ ቀለበት ሲያልቅ ወይ ይቀለጣል ወይ ቶርኖ ላይ ይወጣል። አንድ በአንድ። ሥራውን የሚችለው ሰው ደግሞ በየዓመቱ እያነሰ ነው።

እስካሁን ያልኩት ግን የዕለት ወጪ ነው። የዕለት ወጪ ድርጅት ያከሳል እንጂ አይገድልም። የሚገድለው ቦይለሩ ነው።

ቦይለሩ ከኋላው እሳት የሚነድበት ምድጃ አለው። ከምድጃው ወደ ፊት ብዙ ቱቦዎች ይዘረጋሉ። ትኩሱ ጭስ በቱቦዎቹ ውስጥ ያልፋል፣ ውሃው በዙሪያቸው ይፈላል። የምድጃውን ግድግዳ ከውጪው ግድግዳ ጋር የሚይዙት በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ብሎኖች ናቸው። አንዱ ብሎን ሲበጠስ ጫናው ወደ ጎረቤቱ ይሄዳል። ቱቦው በአንድ በኩል በጭስ፣ በሌላ በኩል በውሃ ይበላል። ውሃው ኖራ ካለበት ብረቱ ላይ ቅርፊት ይሠራል። ቅርፊት የያዘ ብረት ሙቀቱን ለውሃው ማስተላለፍ ስለሚያቅተው እሱ ራሱ ይግላል፣ ይለሰልሳል። ሁሉም ነገር የሚሆነው ከውስጥ ነው። ውጪው ተወልውሎ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ናሱ እያብረቀረቀ ሊቆም ይችላል።

ከሁሉ የከፋው ውሃው ከምድጃው ጣራ በታች የወረደ ቀን ነው። በሰኔ 1995 ፔንስልቬኒያ ውስጥ በጌቲስበርግ የቱሪስት ባቡር ላይ የደረሰው ይህ ነው። የምድጃው ጣራ ውሃ ጎደለበት፣ ጋለ፣ ተቀደደ። ከውስጥ የወጣው እንፋሎት ሦስት የባቡሩን ሠራተኞች አቃጠለ። ምርመራው የውሃ መጠን ማሳያው በደንብ እንዳልተያዘ አገኘ። ከዚያ በኋላ አሜሪካ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ደንቧን ከላይ እስከ ታች አሻሽላ፣ አዲሱ ደንብ በ2000 ሥራ ላይ ዋለ። እንግዲህ «ጥገናው ለምን ይሄን ያህል ተወደደ?» የሚል ሰው ሲመጣ እኔ የማነሳው ይህንን ነው። ዋጋው ደረቅ ቢሮክራሲ የወለደው አይደለም።

እንግሊዝ ውስጥ በተለመደው አሠራር ቦይለሩ በየ10 ዓመቱ ከሻንሲው ይነሳል። ቱቦዎቹ ይወጣሉ፣ ብሎኖቹ ይለወጣሉ፣ የሳሳው ብረት ተቆርጦ በአዲስ ይበየዳል። ከዚያ እንደገና በግፊት ተፈትኖ የሥራ ፈቃድ ያገኛል። የጊዜ ሰሌዳው ይታወቃል፤ ዋጋው ግን ተከፍቶ እስኪታይ ድረስ አይታወቅም። ፍላይንግ ስኮትስማን የተባለውን ዝነኛ ሎኮሞቲቭ ይውሰዱ። በ2004 የእንግሊዝ ብሔራዊ የባቡር ሙዚየም ገዛው። ጥገናው በ2006 ተጀመረ። ሐዲድ ላይ የተመለሰው በ2016 ነው። ወጪው 4.2 ሚሊዮን ፓውንድ ደረሰ። ቶርኔዶ የሚባለው ሎኮሞቲቭ ደግሞ ከባዶ ተነስቶ አዲስ ሆኖ ሲሠራ፣ በ2008 ሲጠናቀቅ የፈጀው 3 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነው። በመሃሉ የዋጋ ንረት አለ፣ ልክ ነው። ቢሆንም አሮጌ ነገር ሁልጊዜ ርካሽ ነው የሚለውን ሐሳብ ያፈርሰዋል። በነገራችን ላይ የቶርኔዶን ቦይለር እንግሊዞቹ ራሳቸው አልሠሩትም። ባቡርን ለዓለም ያስተዋወቀች አገር ቦይለሩን ያሠራችው ጀርመን፣ ማይኒንገን ከተማ ነው።

እነዚህ ሁለቱ ትልልቅ ማሽኖች ናቸው። የጠባብ ሐዲድ ሎኮሞቲቭ ከዚህ በጣም ያነሰ ይፈጃል። ለሂሳብ ያህል ቁጥር እንያዝ፤ ምሳሌ ነው፣ የማንም ድርጅት ሂሳብ አይደለም። የአንድ መለስተኛ ሎኮሞቲቭ ሙሉ ጥገና 600 ሺህ ዩሮ ነው እንበል። በዓመት 100 ቀን ይሠራል። በ10 ዓመት 1,000 ቀን ይሆናል። ስለዚህ ገና ከሰል ሳይገዛ፣ ደሞዝ ሳይከፈል፣ እያንዳንዱ የሥራ ቀን 600 ዩሮ ዕዳ ይዞ ይነጋል። በቀን 300 ሰው ከተሳፈረ በነፍስ ወከፍ 2 ዩሮ ነው። ማንም አያስተውለውም። 60 ሰው ብቻ ከተሳፈረ ግን 10 ዩሮ ይሆናል፤ እዚህ ላይ ድርጅቱ መንገዳገድ ይጀምራል። ሎኮሞቲቩ ያው ነው፣ ወጪው ያው ነው። ልዩነቱ ወንበሩ መሙላቱ ላይ ነው።

ይህ ገንዘብ እንደ ዕቁብ ነው። በየሥራው ቀን ይጣላል፣ በአሥረኛው ዓመት ዕጣው ለቦይለሩ ይወጣል። ችግሩ፣ ይሄኛው ዕቁብ ዳኛ የለውም። በሦስተኛው ዓመት የጣቢያው ጣራ ያፈሳል፤ ከዚያው ይወሰዳል። በስድስተኛው ዓመት ገበያ ይቀዘቅዛል፤ ደሞዝ ከዚያው ይከፈላል። አሥረኛው ዓመት ሲደርስ ካዝናው ባዶ ነው። ሎኮሞቲቩ ተጎትቶ ጥግ ይቆምና «ገንዘብ አሰባሰቡልን» የሚል ሰሌዳ ይሰቀልበታል። እንዲህ ያለ ሰሌዳ አሜሪካም እንግሊዝም ሞልቷል።

የደንቡ አቆጣጠር ራሱ ሂሳቡን ይለውጠዋል። በእንግሊዙ አሠራር የሚወስነው ቀን መቁጠሪያው ነው። ሎኮሞቲቩ ሠራም ቆመም 10 ዓመቱ ያልፋል። ቆሞ የዋለ ሎኮሞቲቭ ገንዘብ ሳያገባ ፈቃዱን ይጨርሳል። አሜሪካኖቹ ደግሞ 1,472 የሥራ ቀን ወይም 15 ዓመት ይላሉ፤ ቀድሞ የሞላው ይይዛል። በዓመት 90 ቀን የሚሠራ የበጋ ባቡር በ15 ዓመት 1,350 ቀን ብቻ ነው የሚሞላ። ስለዚህ ሙሉውን 15 ዓመት ይጠቀማል። ወቅቱን ጠብቆ ለሚሠራ ትንሽ መስመር የአሜሪካው አቆጣጠር ይሻላል ባይ ነኝ።

ወደ ገቢው እንምጣ። ሰው በእርግጥ ለጭስ ይከፍላል?

ከሁሉ የሚሻለው ማስረጃ ስኮትላንድ ነው ያለው። ከፎርት ዊልያም እስከ ማሌግ 66 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚያ ሐዲድ ላይ መደበኛው የናፍጣ ባቡር ዓመቱን ሙሉ ይመላለሳል። በዚያው ሐዲድ ላይ ከ1984 ጀምሮ ዛሬ ጃኮባይት የሚባለው የእንፋሎት ባቡር በቱሪስት ወቅት ይሄዳል። ያው ሐይቅ፣ ያው ተራራ፣ ያው የግሌንፊናን ድልድይ። የእንፋሎቱ ቲኬት ከመደበኛው ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ፉርጎዎቹም አሮጌ ናቸው። ሰው ግን እየተሻማ ቀድሞ ይይዛል። እርግጥ ነው፣ ድልድዩን ልጆች በሃሪ ፖተር ፊልም አይተውታል፤ ይህ ባይኖር ሰልፉ ይህን ያህል አይሆንም ነበር። ሆኖም ፊልሙም ላይ ባቡሩን የሚጎትተው እንፋሎት ነው። የጓደኛዎ «ያው ሐዲድ ነው» የሚለው ክርክር እዚህ ቦታ ላይ በገበያ ተፈትኖ ወድቋል።

ለነገሩ አሮጌ ነገር የሚያስወጣው በሎኮሞቲቩ በኩል ብቻ አይደለም። በ2024 መጀመሪያ ጃኮባይት የተቋረጠው በፉርጎዎቹ በር ምክንያት ነው። በሮቹ በእጅ የሚከፈቱ የድሮ በሮች ነበሩ፤ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ከአንድ ቦታ የሚቆለፉ እንዲሆኑ ጠየቀ። ቦይለሩ ጤነኛ ሆኖ ባቡሩ በበር ቆመ።

ተቃራኒውን ደግሞ አሪዞና ውስጥ እናገኛለን። የግራንድ ካንየን ባቡር በ1989 ለቱሪስት እንደገና ሲከፈት በእንፋሎት ነበር። በ2008 መደበኛ የእንፋሎት ጉዞውን አቆመና ናፍጣ ተካበት። ባቡሩ አልተዘጋም። በዓመቱ አንድ ሎኮሞቲቭ በተጣራ የምግብ ዘይት ዝቃጭ እንዲነድ ተደርጎ ለተመረጡ ቀናት ብቻ ተመለሰ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በመስመሩ ጫፍ ላይ ከዓለም ታላላቅ መስህቦች አንዱ፣ ግራንድ ካንየን የሚባለው ገደል፣ ቁጭ ብሏል። ሰው ገደሉን ሊያይ ነው የመጣው፤ በምንም ቢጎተት ይሄዳል። እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ዓመቱን ሙሉ እንፋሎት ማንደድ ቅንጦት ነው።

የእርስዎ ብሮከን በሁለቱ መሃል ነው ያለው። ጫፉ 1,141 ሜትር ነው። ቦታው ብሔራዊ ፓርክ ስለሆነ በግል መኪና አይወጣም። ስለዚህ በእግሩ መውጣት የማይፈልግ ሰው ባቡሩን ይይዛል። ናፍጣ ቢሆንም ብዙው ሰው ይሳፈር ነበር፣ ይህን አልክድም። ግን ስንቱ ነው ከበርሊንና ከሃምቡርግ ልጆቹን ይዞ ለዚያ ብሎ የሚመጣው? ከዚህም ሌላ የዚያ ድርጅት መረብ 140 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብሮከን ከመረቡ ጥቂቱ ነው። በሌሎቹ መስመሮች ላይ ተማሪና ሠራተኛ የሚያመላልስ የናፍጣ ባቡር ጭምር አለ። ቱሪስቱ ብሮከን ላይ የሚከፍለው ውድ ቲኬት መረቡን በሙሉ ደግፎ ይዟል። እንደዚያም ሆኖ ክልሎቹ ድጎማ ይጨምሩበታል።

እዚህ ላይ ጓደኛዎ የሳቱት ሌላ ነገር አለ። ናፍጣ ቢጎትተው ዋጋው በግማሽ አይቀንስም። ሐዲዱ፣ ድልድዩ፣ የክረምቱ በረዶ ጠረጋ፣ ጣቢያው፣ ኢንሹራንሱ፣ የፉርጎዎቹ ጥገና፣ ቲኬት የሚቆርጠው ሰው፣ ሁሉም እንዳለ ይቀጥላል። የሚቀንሰው የጎታቹ ድርሻ ብቻ ነው። ገቢው ግን ከዚያ በላይ ሊወርድ ይችላል።

የድርጅቱ ባለቤቶች እነማን እንደሆኑም ይታይ። የአካባቢው ወረዳዎችና ከተሞች ናቸው። እርስዎ ቬርኒገሮደ አድረው፣ ምሳ በልተው፣ መኪና ማቆሚያ ከፍለው ከሆነ ያ ገንዘብ በባቡሩ ሂሳብ ላይ አይታይም። በከተማው ኪስ ግን ገብቷል። ባለሀብት ብቻውን የያዘው ባቡር ይህን ጥቅም አያገኝም። ስለዚህ «ያዋጣል ወይ?» ሲባል «ለማን?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከተማው ባለቤት ሲሆን ኪሳራ የሚመስለው ነገር ትርፍ ሊሆን ይችላል።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማያነሳውን አደጋ ላንሳ፤ እሳት። ኮሎራዶ ውስጥ ከዱራንጎ ሲልቨርተን የሚሄደው ባቡር 72 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ መስመሩ በ1882 የተጠናቀቀ ነው። ከታወቁት የአሜሪካ የእንፋሎት ባቡሮች አንዱ ነው። በሰኔ 2018 በመስመሩ አጠገብ ሰደድ እሳት ተነሳ። ወደ 22 ሺህ ሄክታር የሚሆን ደን ተቃጠለ። የፌዴራል መርማሪዎች መነሻው ከሎኮሞቲቭ የወጣ ፍም ነው አሉ። መንግሥት 25 ሚሊዮን ዶላር ጠይቆ ከሰሰ። በ2022 ኩባንያው ጥፋተኛነቱን ሳያምን 20 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። ከዚያ ወዲህ ሎኮሞቲቮቹን ከከሰል ወደ ዘይት ማዞር ጀመረ፤ ናፍጣ ሎኮሞቲቭም ገዛ። አንድ ፍም ስንት ቦይለር ሊያሠራ የሚችል ገንዘብ በላ።

ሃርዝም ከዚህ ነፃ አይደለም። ከ2018 ወዲህ ድርቅና ጥንዚዛ የዛፉን ብዙ ክፍል ገድለውታል። ከባቡሩ መስኮት የሞተ ጫካ ሳያዩ አልቀሩም። የእሳት ስጋቱ ከፍ ባለ ቀን የእንፋሎቱን ቦታ ናፍጣ ይይዛል። አውስትራሊያ ውስጥ ሜልቦርን አጠገብ ያለው ፓፊንግ ቢሊ የተባለው የቱሪስት ባቡርም እሳት ጨርሶ በሚከለከልበት ቀን እንዲሁ ያደርጋል። ስለዚህ ናፍጣ ሎኮሞቲቭ የሌለው የእንፋሎት መስመር ጎዶሎ ነው እላለሁ። ሁለቱን ማወዳደር ራሱ ትንሽ ያሳስታል። ጥሩ የቱሪስት ባቡር ሁለቱንም ይዞ ነው የሚኖረው።

ከሰሉም እንደ ድሮው አይገኝም። ዌልስ ውስጥ ፎስ ኢ ፍራን የተባለው ማዕድን በ2023 መጨረሻ ሲዘጋ፣ የእንግሊዝ የቱሪስት ባቡሮች ከሰል ከባሕር ማዶ ወደ መፈለግና የተጨመቀ ሰው ሠራሽ ከሰል ወደ መሞከር ገቡ። የምድጃ ጠባይ ከከሰል ከሰል ይለያያል። ለአንዱ የሚሆነው ሌላውን በጥላሸት ይደፍነዋል።

እነዚህን ሁሉ ራስ ምታቶች አንድ ላይ ለማቃለል የሞከሩት ስዊሶች ናቸው። ብሪየንስ ሮትሆርን የሚባል፣ በ1892 የተከፈተ፣ ጥርስ ባለው ሐዲድ 7.6 ኪሎ ሜትር ሽቅብ የሚወጣ ባቡር አላቸው። በ1992 እና በ1996 ቪንተርቱር ከተማ ካለ ፋብሪካ አዲስ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች አሠሩ። አሮጌ ተመስሎ የተሠራ ጌጥ እንዳይመስልዎት። ምድጃው ቀላል ዘይት ያቃጥላል። ቦይለሩ ሙቀት እንዳያባክን በደንብ ተሸፍኗል። ሌሊት ጠባቂ ሳያስፈልገው በኤሌክትሪክ ሞቆ ያድራል። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን ይነዳዋል። አሮጌዎቹ ሁለት ሰው ይፈልጋሉ። ቅድም የዘረዘርኩት የዕለት ወጪ ትልቁ ክፍል በዚህ ወደቀ። እኔ በሙያዬ ካየኋቸው መፍትሔዎች ሁሉ የማደንቀው ይህን ነው። ታዲያ ለምን ሁሉም አያሠራም? በብዛት የሚያመርት ስለሌለ እያንዳንዱ በትዕዛዝ ነው የሚሠራ፤ የመነሻ ዋጋው ያስፈራል። ጢሱም ንጹህ ነው፤ ጥቁር ጭስ ለሚወድ ፎቶ አንሺ ትንሽ ቅር ይላል። ያ እንኳ ችግር አይባልም።

ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሮቮስ ሬይል የተባለው የቅንጦት ባቡር ድርጅት የያዘው መንገድ ሌላ ነው። እንግዶቹን ከፕሪቶሪያ ጣቢያው ሲሸኝና ሲቀበል እንፋሎት ያሳያል። ረጅሙን መንገድ የሚጎትተው ኤሌክትሪክና ናፍጣ ነው። ብልጠት ነው። እንግዳው ፎቶውን አነሳ፣ ፉጨቱን ሰማ፤ ድርጅቱ ደግሞ በየመንገዱ ውሃና ከሰል ከማዘጋጀት ዳነ።

ስለ በጎ ፈቃደኞች ደግሞ አጭር ነገር። የእንግሊዞቹን ሂሳብ አይቶ «እነሱ ከቻሉ እኛም እንችላለን» የሚል ሰው ይጠንቀቅ። ዌልስ ውስጥ የታሊሊን ባቡር በ1951 በበጎ ፈቃደኞች ሥራ ሲጀምር ለዓለም አዲስ ነገር ነበር። ዛሬም እዚያ አገር ጡረተኛው ቅዳሜና እሁድ መጥቶ በነፃ ይነዳል፣ በነፃ ያጥባል፣ በነፃ ይበይዳል። ያ ሁሉ ጉልበት ደሞዝ ቢከፈልበት ብዙዎቹ በአንድ ዓመት ይዘጉ ነበር። እንግዲህ የእንግሊዙን የትርፍ ሂሳብ ቀድቶ የነፃ ሠራተኛውን አለመቅዳት አይሆንም።

አሁን ወደ ድሬዳዋ።

ጥያቄዎ ቅዠት አይደለም። አሮጌው የጅቡቲ መስመር ስፋቱ አንድ ሜትር ነው። ብሮከን የወጡበት ሐዲድም ልክ አንድ ሜትር ነው። ስለዚህ በመርህ ደረጃ ለዚያ ስፋት የሚሠራ ሎኮሞቲቭና ቦይለር የሚያውቁ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። ባቡሩ ድሬዳዋ በ1902፣ አዲስ አበባ በ1917 ገባ። 784 ኪሎ ሜትር ነበር። በ1950ዎቹ ናፍጣ እንፋሎቱን ተካው። በረሃ ላይ ይህ የሚጠበቅ ነው። በየጣቢያው ንጹህ ውሃ ማቅረብ ከባድ ነው፤ ናፍጣ ደግሞ ውሃ አይጠጣም። የድሬዳዋ ውሃ ማንቆርቆሪያ ላይ የሚተወውን ነጭ ቅርፊት የከተማው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ያ ቅርፊት ቦይለር ውስጥ ሲሆን ምን እንደሚያደርግ ከላይ ጽፌዋለሁ። ውሃውን ማጣራት ግዴታ ነው፤ እሱም ወጪ ነው።

ከጎረቤት የምንማረው አለ። የምጽዋ አስመራው መስመር 118 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አስመራ የገባው በ1911 ነው። በ1970ዎቹ በጦርነቱ ምክንያት ባቡሩ ቆመ። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች ተጠርተው ሐዲዱን መልሰው ዘረጉት፤ በ2003 አስመራ ደረሰ። በ1938 ጣሊያን ውስጥ አንሳልዶ የሠራቸው ሎኮሞቲቮች ተነሱ። ሊቶሪና የሚባለው፣ በራሱ ሞተር የሚሄድ የፊያት የመንገደኛ ፉርጎም ተነሳ። የባቡር ወዳጆች ለዚያ ብለው ከአውሮፓ መጡ፤ ባቡሩን በቡድን እየተከራዩ። ሥራው የሚያስደንቅ ነው። ግን ሁለት ነገር ያሳያል። በዓመት ጥቂት ቡድን ብቻ የሚከራየው ባቡር የቦይለር ዕቁቡን አይሞላም። ሙያውም የነበረው ሽማግሌዎቹ እጅ ላይ ነው። የድሬዳዋ ወርክሾፕ ትልቁ ሀብትም ቶርኖውና ክሬኑ ብቻ አይደለም፤ እዚያ ያደጉት መካኒኮች ናቸው፤ እነሱም እያረጁ ነው።

ስለዚህ እኔን አማክሩኝ ቢሉኝ በእንፋሎት አልጀምርም። መጀመሪያ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሜትር የሚሆን አንድ ቁራጭ መስመር እመርጣለሁ፤ ሐዲዱና ድልድዩ ሜትር በሜትር ታይቶ። ድሬዳዋን የሚደግፈው ወርክሾፑና ከተማው ነው። አዋሽን የሚደግፈው ገደሉ፣ ፓርኩና የድሮው የጣቢያ ቡፌ ነው። ለእይታ ከሆነ አዋሽ ይበልጣል፤ ለጥገና ግን ድሬዳዋ ይሻላል፤ እኔ ወደ ድሬዳዋ አደላለሁ፣ ምክንያቱም የተበላሸ ነገር ያለ ወርክሾፕ አይነሳም። በዚያ ቁራጭ ላይ ሁለት ዓመት ያህል ሊቶሪና ወይም ትንሽ ናፍጣ ይሂድ። ስንት ሰው እንደሚመጣ፣ በየትኛው ወር እንደሚመጣ፣ ስንት ሊከፍል እንደሚፈልግ ይታወቅ። የአገሬው ሰው በበዓልና በቅዳሜ ልጆቹን ይዞ ካልመጣ የውጭ ቱሪስት ብቻውን ወንበሩን አይሞላም።

ቁጥሩ ካሳመነ በኋላ አንድ ሎኮሞቲቭ ብቻ። ትንሽ፣ ዘይት የሚያቃጥል፣ ቅዳሜ፣ እሁድና በበዓል ቀን የሚሠራ። በሌላው ቀን ናፍጣው ይሥራ። ከእያንዳንዱ የእንፋሎት ቲኬት ላይ የቦይለሩ ድርሻ ተቆርጦ ማንም በማይነካው ሂሳብ ይቀመጥ፤ ቢቻል በውጭ ምንዛሪ፣ ምክንያቱም አዲስ ቱቦና የቦይለር ብረት ከውጭ ነው የሚመጣው። ሎኮሞቲቩ ከመገዛቱ በፊት ደግሞ ቦይለሩን በየዓመቱ መርምሮ የሚፈርመው ባለሙያ ማን እንደሆነ፣ ሥልጣኑንም ከየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሚያገኝ በጽሑፍ ይታወቅ። ይህ ወረቀት ሳይያዝ ግዢ ከተፈጸመ እኔ በበኩሌ አልሳፈርበትም።